ዓለምነሽ ከ«ወ» በኋላ ምን ትሠራለች?

እናቴን ይዤ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጉዳያቸው ያለቀላቸው ሰዎች ስም ወጥቷል ተብለን ነው። ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በፊደል ተራ ነው፣ ገጹ ብዙ ነው፣ ሰዉ ደግሞ ከገጹም ይበዛል። እናቴ መነጽሯን አደረገችና ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ «አ» ጋ ቆመች። አለሙ፣ አልማዝ፣ አማረች፣ አስቴር፣ አበበ እያለች በጣቷ ወረደች። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «የለሁም» አለችኝ።

እናቴ ዓለምነሽ ናት። በዓይኑ ዐ። መታወቂያዋ ላይም፣ ማመልከቻዋ ላይም እንደዚያው ነው። እኔ ኮድ ስጽፍ የምውል ሰው ስለሆንኩ የት እንዳለች ወዲያው ገመትኩ። «ወ»ን ተሻገርኩ፤ ከውቢት በታች፣ ከዘለቀ በላይ አገኘኋት። ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ አንድ ሆሄ ሳይጎድል። ጠራኋት፣ መጥታ አየችው።

«እዚህ ምን ትሠራለች?» አለች። ስለ ሌላ ሴትዮ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

ጉዳዩ እዚያው አለቀ፣ ወረቀቷን ተቀብላ ወጣን። እኔ ውስጥ ግን አላለቀም፤ የሚወቀስ ሰው ፈልጌ አጣኋ። ስሙን የጻፈው ሰው በትክክል ጽፎታል። ኮምፒውተሩም የታዘዘውን ሠርቷል። እናቴ ፊደል አይጠፋትም፣ ስሟ በየትኛው ዐ እንደሚጻፍ ከኔ በላይ ታውቃለች። ሁሉም ልክ ሆኖ ሴትየዋ «የለሁም» ብላ ቤቷ ልትገባ ነበር። ኮድ የሚጽፍ ልጅ ሳይዙ የመጡትስ?

ጆሮ የሚፈልገው፣ ቁጥር የሚደረድረው

ለኮምፒውተር ሀ ማለት 4608 ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ገበታ ውስጥ፣ የገባው በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ሲገባም ገበታው ላይ እንደምናውቀው ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ እያለ ገባ፤ ለየቤቱ ስምንት ስምንት ቦታ ተያዘለት፣ ሰባቱ ለሆሄያቱ፣ ስምንተኛው እንደ ሏ እና ሟ ላሉት። ስለዚህ ሃሌታው ሀ 4608 ላይ ሲሆን ሐመሩ ሐ 4624፣ ብዙኃኑ ኀ ደግሞ 4736 ላይ ነው። አልፋው አ 4768፣ ዓይኑ ዐ 4816። በሁለቱ መሃል ከ፣ ኸ እና ወ ሰፍረዋል። እናቴ ወንዝ ማዶ የተገኘችው ለዚህ ነው።

ፕሮግራም የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች፣ ፓይዘንም ሆነ ጃቫ፣ ዝም ብላችሁ «ደርድር» ካላችኋቸው ይህንኑ ቁጥር ነው የሚያወዳድሩት። ጃቫስክሪፕት ጭራሽ ቁጥሩንም ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ስለሚያየው 10ን ከ9 በፊት ያስቀምጥላችኋል። እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

ገበታው ላይ ጥፋት የለም። በግዕዝ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። አማርኛ ድምፁን አንድ አደረገና ፊደሉን እንዳለ አስቀረ። በዚህ የተነሳ ስንጽፍ በዓይናችን እንጽፋለን፣ ስንፈልግ ግን በጆሯችን ነው የምንፈልገው። «ዓለም» የሚለውን ስም ዝርዝር ውስጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የትኛው ዐ እንደሆነ ቆም ብሎ አያስብም፤ እጁ በቀጥታ «አ» ጋ ይሄዳል።

እኛ ብቻ አይደለንም እንዲህ የሆንነው። ስዊድኖች ሁለት ነጥብ የተደረገባትን ኤ ከዜድ በኋላ ያስቀምጧታል፣ ጀርመኖች መዝገበ ቃላታቸው ላይ ያችኑ ፊደል ከተራዋ ኤ ጋር ያኖሯታል። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሲ እና ኤች ሲገጣጠሙ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ፊደል ሲደረድሩ ኖረው በ1994 ተዉት። ለዚህ ሁሉ ጣጣ ዩኒኮድ የራሱ የድርደራ ስልት አለው፣ ለብዙ ቋንቋም ይበቃል። እዚያም ግን እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እንዳይለያዩ ከተፈለገ ሕጉን የሚጽፈው ባለቋንቋው ነው።

መዝገቡን የዘጉት ጋሼ

ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ የሰፈራችን ዕድር አባላት በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ድሮ ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም ይሰማ ነበር። ዛሬ ግማሹ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፣ ግማሹ ልጁ ጋ ነው፣ ለቅሶ የሚነገረው በስልክ ሆኗል። ስለዚህ መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ ተባለ፣ እኔም ተጠራሁ። ሰፈሩ ውስጥ «የኮምፒውተሯ ልጅ» ነኝ፣ ፕሪንተር ሲበላሽም የምጠራው እኔ ነኝ።

የተገናኘነው የዕድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ በብረት ድስቱ፣ በታጠፈው ድንኳንና በተደራረበው አግዳሚ መሃል ቦታ ፈልገን ተቀመጥን። ጸሐፊው፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ልጅነታቸውን ቄስ ትምህርት ቤት ያሳለፉ። መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር በእጃቸው ነው የጻፉት፣ ጽሕፈታቸው ለጉድ ነው። ገንዘብ ያዡ ደግሞ ወጣት ነው፣ ኤክሴልን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። የስሞቹን ችግር አስረዳኋቸው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ሦስት ቦታ ይወድቃሉ አልኳቸው።

«ቀላል ነው» አለ ገንዘብ ያዡ። «ሠን በሙሉ በሰ፣ ሐን እና ኀን በሀ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ እንተካው። አንዴ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።»

እውነቱን ለመናገር ያለው ነገር የተለመደ ነው። ለኮምፒውተር የአማርኛ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሞክሼ ሆሄያቱን ወደ አንድ መጨፍለቅ ነው። ለፍለጋና ለመሳሰለው ይሠራል። እኔም ዝም ብዬ የጋሼን ፊት አየሁ።

ጋሼ መዝገቡን ቀስ ብለው ዘጉት፣ እጃቸውንም ላዩ ላይ ጫኑበት።

«ስማ» አሉት። «እዚህ ውስጥ ያለውን ስም እኔ አይደለሁም ያወጣሁት። ሰው መጥቶ፣ በየትኛው እንደሚጻፍ ነግሮኝ፣ ጽፌ አሳይቼው፣ እሺ ብሎ ነው የገባው። ሥላሴን በእሳቱ ሰ ልትጽፍብኝ ነው?»

«ሲጠራ አንድ አይደል እንዴ ጋሼ?»

«ሲጠራማ አንድ ነው። ሲጻፍ ግን የሰውየው ነው።»

ልጁ አልለቀቃቸውም። «እሺ፣ አንዷ መጥታ ሰላም እባላለሁ ስትልዎት በየትኛው ሰ እንደሆነች በምን ያውቃሉ?»

«አላውቅማ! እሳቱ ጋ እፈልጋታለሁ፣ ከሌለች ንጉሡ ጋ እሄዳለሁ። እሷን ማግኘት የኔ ሥራ ነው። ስሟን አርም ብሎ ግን ማን ሥራ ሰጠኝ?»

ይህን ሲሉ እኔ ከንግግሩ ወጥቼ ነበር ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ጋሼ ሳያውቁት አንድ ትልቅ የፕሮግራሚንግ ነገር ነው የተናገሩት። መዝገቡ ላይ ያለው ስም አንድ ነገር ነው፣ ስሙን ለማግኘት ጭንቅላታቸው ውስጥ የሚያደርጉት ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱን ፈጽሞ አያቀላቅሏቸውም። መዝገቡ አይነካም። የሚያቀራርበው የፈላጊው ሕግ ነው። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ግን ተራው ሳያምረን ሲቀር እጃችን ቶሎ ወደ ዳታው ነው የሚሄደው። ማስተካከል ያለብን ማወዳደሪያውን ሆኖ ሳለ የሚወዳደረውን እንቆርጣለን።

ሌላ ቦታም አይቼዋለሁ፣ የቤት ቁጥር ላይ። ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ ሲደረደር 1021 ከ98 በፊት ይመጣል፣ 1 ከ9 ስለሚያንስ። መፍትሔው ምን ይሆናል? አንዱ ተነስቶ 0098 ብሎ ይጽፋል። ተራው ተስተካከለ። በሳምንቱ 0098 ደብዳቤ ላይ ታትሞ ይወጣል፣ ከዚያ ማኅተም ያርፍበታል፣ ከዚያማ በቃ፣ የሰውየው ቤት ቁጥሩ ተቀየረ። ማሽኑን «ቁጥር ሲያጋጥምህ እንደ ቁጥር አወዳድር» ማለት ሲቻል።

የስሙ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ 0098ን ወደ 98 መመለስ ይቻላል። ሠን እና ሰን አንዴ ካደባለቅናቸው ግን የትኛው የትኛው እንደነበር የሚነግረን የለም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ዕድር ውስጥ ደግሞ ስም ማለት ገንዘብ ነው፤ አባል ሲያርፍ ቤተሰቡ መታወቂያና ማስረጃ ይዞ ይመጣል፣ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል፣ በአንዲት ሆሄ የተነሳ የሐዘን ቤት ሰው መመላለስ የለበትም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለውን ተረት ከድንኳኑ አጠገብ ተቀምጦ መርሳት ይከብዳል።

የወረፋ ቁጥር

መደርደሪያ ፕሮግራም የሚያውቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ከእነዚህ ከሁለቱ ማን ይቅደም? ሁለት ሁለት እያደረገ ያንኑ ሲጠይቅ ይውላል። 1000 ስም ካለ ወደ 10000 ጊዜ ገደማ ይጠይቃል። የራሳችሁን ማወዳደሪያ ጻፋችሁ ማለት ለዚህ ጥያቄ እናንተ ትመልሳላችሁ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ይቅደም ካላችሁ ከዜሮ በታች፣ ሁለተኛው ይቅደም ካላችሁ ከዜሮ በላይ፣ እኩል ናቸው ካላችሁ ዜሮ።

ሌላም መንገድ አለ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። በየጥያቄው ከመመለስ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጊዜ ቁልፍ መስጠት። ባንክ ስትገቡ እንደምትቆርጡት የወረፋ ቁጥር ነው፤ ተራው የሚሄደው በቁጥሩ ነው፣ ስማችሁን ግን ማንም አልነካውም፣ ስትወጡም ወረቀቷን ትጥሏታላችሁ። ፓይዘን ይህን መንገድ የጨመረው በ2004፣ ስሪት 2.4 ላይ ነው። በ2008 ፓይዘን 3 ሲመጣ ደግሞ ሁለት ሁለቱን የሚያወዳድረውን አሮጌ መንገድ ከመደርደሪያው ላይ አነሱት።

ለአማርኛ ቁልፉን፣ ማለትም ሞክሼዎቹ ወደ አንድ የተመለሱበትን የስሙን ቅጂ፣ መሥራት የሚገርም ቀላል ነው፣ ዩኒኮድ ቤቶቹን ሥርዓት አስይዞ ስለደረደራቸው። ከሐመሩ ሐ ላይ 16 ስትቀንሱ ሃሌታው ሀ ይመጣል። ከብዙኃኑ ኀ ላይ 128 ቀንሱ፣ እዚያው ናችሁ። ንጉሡ ሠ ላይ 16 ስትጨምሩ እሳቱ ሰ ነው። ከዓይኑ ዐ ላይ 48፣ ከፀሐዩ ፀ ላይ 8 መቀነስ ነው። ለሰባቱም ሆሄ በአንድ ሒሳብ ያልቃል። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስ ይቀራል፣ በአማርኛ የሚሰማው ያው ነውና። ጐን እና ጎንም አትርሱ፤ ጐ በዩኒኮድ ከገ ቤት ውጭ፣ ከጎም ከጏም በኋላ ለብቻዋ ስለተቀመጠች ጐሹ ከጎሹ ተለይቶ የትም ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንድ ስውር ነገር አለ። ቁልፋቸው እኩል የሆነ ስሞች ሲገጥሙ የመጀመሪያውን ጽሑፍ እያየን መለየት አለብን፣ አለበለዚያ ተራው ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ይሆናል። ግን መቼ? ሠላም አበበ፣ ሰላም ከበደ፣ ሰላም ወርቁ፣ ሠላም ዘለቀ አሉ እንበል። ገና የመጀመሪያው ስም ላይ ሰን ከሠ ከለየን ሠላሞቹ ለብቻ፣ ሰላሞቹ ለብቻ ይሰለፋሉ፣ የሸሸነው ነገር በጓሮ በር ይገባል። መጀመሪያ ሙሉው ስም፣ ከነአባቱ ከነአያቱ፣ በቁልፉ ይወዳደር። ያ ሁሉ እኩል ከሆነ ብቻ ነው ወደ ሆሄው ልዩነት የሚወረደው። የዩኒኮድ ስልትም በዚሁ መንፈስ ነው የሚሠራው፣ በየደረጃው።

ምሳ የሆኑት ሰውዬ

ፊደሉ አልቆ ማዕረጉ መጣ። መዝገቡ ላይ ወ/ሮ፣ አቶ፣ ሻለቃ፣ መምሬ፣ ሐጂ፣ ዶ/ር ሁሉም አለ። ወይዘሮዎች በሙሉ «ወ» ውስጥ ተከምረው ከመገኘታቸው በፊት ማዕረጉ ቁልፉ ላይ መነሳት አለበት። ገንዘብ ያዡ «በአቶ የሚጀምረውን ሁሉ አቶውን ቁረጪው» አለኝ። አባሎቻችን ውስጥ ግን አቶምሳ የሚባሉ አሉ። አቶ ሲቆረጥ የሚተርፈው ምሳ ነው። ጋሼ ሲስቁ መነጽራቸው ወደቀ። ስለዚህ ማዕረግ የሚቆረጠው ለብቻው እንደ አንድ ቃል ከቆመ ብቻ ነው።

እዝባሩ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ገ/መድህን የሚለው ስም ውስጥ ያለው እዝባር ቁጥሩ 47 ነው፣ ከየትኛውም ፊደላችን ያንሳል፣ ስለዚህ ገ/ ያለበት ሁሉ ከገላነሽም ከገበየሁም በፊት ተኮልኩሎ ይገኛል። ገ/ ሲሆን ገብረ ብሎ መዘርዘር ብዙም አያስቸግርም። ወ/ ሲሆንስ? ወ/ማርያም ወልደ ማርያም ነው ወይስ ወለተ ማርያም? ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ይሄኛው ወልደ ነው» አሉ ሳያመነቱ፣ ገጽ ገለጡና «ይቺ ግን ወለተ ናት፣ ዳቦ ቤት የነበራት»። ይህን እውቀት የትኛውም ኮድ ውስጥ አታገኙትም። ተስፋ ሚካኤልም አለ። የሚካኤል ልጅ ተስፋ ነው ወይስ ተስፋሚካኤል ተብሎ አንድ ስም? ክፍት ቦታ እያየ ስም ከአባት የሚለይ ፕሮግራም እዚህ ጋ ግማሽ ጊዜ ይሳሳታል።

ማሽኑ እንዲገምት አላደረግኩትም። ጋሼ የሚሞሏት አንዲት ዓምድ ጨመርኩ፣ «ሲዘረዘር» የምትል። ቁልፉ ከእሷ ይሠራል። ስሙ ግን እንደተጻፈ፣ ከነእዝባሩ ይቀመጣል።

ገንዘብ ያዡ አሁንም ሐሳብ አላለቀበትም። «ሁለቱም ማዕረግ ካላቸው ማዕረጉን ዘለን ስሙን እናወዳድር፤ ካልሆነ እንዳለ ይወዳደር» አለ። ሲሰሙት ጥሩ ነው። ነገር በምሳሌ ነውና ሦስት ሰው እናቁም፦ አቶ ዘለቀ፣ ወ/ሮ ሀና፣ ያለ ማዕረግ የተጻፈ ከበደ። ሀና እና ዘለቀ ሁለቱም ማዕረግ አላቸው፣ ማዕረጉ ይዘለላል፣ ሀ ከዘ ይቀድማልና ሀና ትቀድማለች። አቶ ዘለቀ ከከበደ ጋር እንዳለ ሲወዳደር አ ከከ ይቀድማል፣ ዘለቀ ቀደመ። ከበደ ከወ/ሮ ሀና ጋር ሲሆን ከ ከወ ይቀድማል፣ ከበደ ቀደመ። ሀና ዘለቀን ትቀድማለች፣ ዘለቀ ከበደን ይቀድማል፣ ከበደ ደግሞ ሀናን። ማን ፊት ይቁም? መልስ የለውም፣ ክብ ሆኗል።

እንዲህ ያለ ሕግ ስትሰጡት ፓይዘን ምንም አይልም። አንድ ዓይነት ተራ ያወጣል፣ ስሞቹ በሌላ ቅደም ተከተል ከገቡ ሌላ ተራ ያወጣል፣ እናንተም ነገሩ ድግምት ይመስላችኋል። ጃቫ ከስሪት 7 ጀምሮ፣ ከ2011 ወዲህ ማለት ነው፣ አንዳንዴ ያጉረመርማል። ቲም ፒተርስ በ2002 ለፓይዘን የሠራውን የመደርደሪያ ስልት ወስዶ ሲጠቀም ማወዳደሪያው እርስ በርሱ እንደሚጋጭ ከደረሰበት ሥራውን አቁሞ ስህተት ያወጣል። ግን ካጋጠመው ነው። ሁለት ዓመት በሰላም ሠርቶ አንድ ሰኞ ጠዋት ሊፈነዳ ይችላል። ቁልፍን የምመርጠው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ እያንዳንዱ ስም አንድ የራሱ ቁልፍ ካለው፣ አጠገቡ ማንም ይቁም ማን ቁልፉ አይለወጥም፣ ክብ የሚሠራበት ቀዳዳ የለም።

አቡጊዳና ፈረንጅኛው

መጨረሻ ላይ ጋሼ በፈገግታ «ደግሞስ ተራ ማለት ሀሁ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?» አሉን። ቄስ ትምህርት ቤት አቡጊዳም ተምረዋል፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያሉ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላትም የተደረደረው በዚሁ ተራ፣ በአበገደ ነው። በዚያ ተራ ቢሆን አልፋው አ ከሁሉ ይቀድማል። «ይቻላል?» አሉኝ። ይቻላል። የቤቶቹን ተራ የያዘች አንዲት አጭር ሰንጠረዥ መቀየር ነው፣ ሌላው እንዳለ ይሠራል። አሳየኋቸው፣ ደስ አላቸው፣ ከዚያ «በሀሁ ይሁን፣ ሰው ይቸገራል» ብለው አስመለሱኝ። ኸ ከሀ ጋር ትሁን ከከ ጋር በሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። ደግነቱ በእሷ የሚጀምር አባል የለንም።

አሁን ፍለጋውም ያንኑ ቁልፍ ነው የሚጠቀመው። በየትኛውም ሰ ብትጽፉ ሰላሞቹ በሙሉ ይመጣሉ፣ እያንዳንዷ በራሷ ሆሄ ተጽፋ። ገንዘብ ያዡም የራሱን ሐሳብ ትቶታል፤ ቢያንስ ጋሼ ባሉበት።

ሰሞኑን አዲስ የገቡት የአባላት ልጆች ናቸው፣ በቴሌግራም የተመዘገቡ። ጥቂቶቹ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የላኩት። የእንግሊዝኛ ፊደላት ቁጥር ከ65 እስከ 122 ነው፣ ከ4608 በእጅጉ ያንሳል፣ ስለዚህ ሲደረደር ከሀ በፊት፣ ከመዝገቡ አናት ላይ ጉብ አሉ። ጋሼ ስክሪኑን አይተው «ከሁሉ በኋላ ገብተው ከሁሉ በፊት?» አሉ። ገንዘብ ያዡ በአማርኛ ልጻፋቸው አለ። አይሆንም አሉት። ከእንግሊዝኛው ላይ ኃይሉ ይሁን ሀይሉ አይታወቅም፣ ገምቶ መጻፍ ያው ማረም ነው። ስልካቸውን አወጡና አንድ በአንድ ይደውሉ ጀመር። አንዱ ልጅ በየትኛው ሀ እንደሚጻፍ ሲጠየቅ አላውቅም አላቸው።

«አባትህን ጠይቅና መልሰህ ደውል» ብለው ዘጉበት።